በመጋላ ሙቀት የተፈተነ አልማዝ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን ዐዋቂ አይጠፋም፤ ለመጋላ የደረሳት የአልማዝ ዐዋቂ ነው። ሰዓት ጠጋኙ ክቡር ፕሮፌሰር ኢስማዒል አልማዝ የሚቆፈርበትን አገር በዓይኑ አላየም። ግን ማን ደፍሮ ይከራከረዋል?

«ከመሬት የሚወጣው አልማዝ አብዛኛው ለመሰርሰሪያ ነው» ይላል፣ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ለጣት የሚበቃው ከስንት አንድ ነው፣ ወላሂ።» ስለ ማንጎም ስለ አማችም ይህንኑ ይላል።

መፈተኛው ትንፋሹ ነው። ወፍራም ጃኬት የደረበ ፈረንጅ በስልክ ቪዲዮ እንዳስተማረው፣ ድንጋዩ ላይ ይተነፍሳል፤ ጉሙ ከቆየ ብርጭቆ፣ ካልቆየ አልማዝ። በእሱ ሱቅ ደጃፍ ጉም የያዘ ድንጋይ ታይቶ አያውቅም። ያ ከስንት አንድ የሚገኘው አልማዝ ሁሉ፣ ከመንገድ ዳር የተገዛው ሳይቀር፣ መጋላ ተጠራቅሞ ተገኘ። ሴቶቹ ፊታቸው በርቶ ይመለሳሉ፤ ፕሮፌሰሩንም አንድ ቀን እንኳ ነገሩ አላጠራጠረውም።

የጎረቤቱ ልጅ ሙኒያ ስትታጭ ግን ጉድ ፈላ። ድግሱ ከዚራ ሰፈር፣ ኤሲው ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የሙሽራው እናት ኹርሲ ቀለበቱን ለእንግዳው ሁሉ ስታዞር «ፕሮፌሰር ይመስክር!» ተባለ። ኢስማዒል ጉሮሮውን ጠርጎ ተነፈሰበት። ድንጋዩ ጉም ለበሰ፤ ጉሙም አልሄድ አለ። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ምላሱ ቀደመው።

«ብርጭቆ ነው» አለ።

ኹርሲ ግን የዋዛ አይደለችም። የሙኒያን እናት ቀለበት አስወልቃ «በል ይሄንንም» አለችው። ኢስማዒል ራሱ ቀደም ሲል አልማዝ ነው ያለው ቀለበት ነው። እሱም ጉም ለበሰ። በመጋላ ሙቀት ትንፋሽ መስኮት ላይ እንኳ ጉም እንደማይሠራ ያን ጊዜ ገባው። ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሲዋሽ ኖሯል፤ እውነቱን የተናገረው ደግሞ መናገር በሌለበት ቀን ነው።

ኹርሲ ቀለበቷን ይዛ ወጣች። ሙኒያ አንገቷን ደፍታ ቀረች። ኢስማዒል በጣም አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሱቁን ዘጋ፤ ሰላምታ እየሸሸ በጓሮ በር ይገባ ይወጣ ጀመር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ሙኒያ ናት። ከኋላዋ ኹርሲ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፤ ከኹርሲ ኋላ የሰፈሩ ሴቶች።

«አዴር» አለች ሙኒያ እንደ አጎት ጠርታው፣ ቀለበቱን እየሰጠችው፣ «ውጣና እዚህ ፀሐይ ላይ ፈትነው።»

«ልጄ፣ በዚህ ሙቀት እኮ...»

«ዐውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ሠርጉ እንዳይቀር ሰው ይስማ እንጂ፣ አንተ ብቻ ተንፍስበት።»

ኹርሲን አያት። እሷም ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች፤ ለካ የሚያፍረው እሱ ብቻ አይደለም። ወጥቶ ተነፈሰበት። ምንም ጉም አልያዘም።

«አልማዝ ነው» አለ። ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ ደገመው።

ከኋላ ያሉት ሴቶች የየራሳቸውን ቀለበት እያወለቁ ተሰለፉ።