ሞዴል ከሞዴል ስንገናኝ

ጎበዝ፣ ዛሬ ቆቦ ላይ የሆንኩትን ቪዲዮው ሳይቀድመኝ እኔው ልንገራችሁ!

አዎ፣ ያ ዱላውን ወደ መስታወቱ ቀስሮ የሚጮኸው ሽማግሌ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሙዚየም ዕቃውን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ዘርግቶ፣ ሰዉ ከገበያ እየወጣ ያያል። እኔም ከዋጃው ወዳጄ ከይማም ጋር ገባሁ። ይማም እኔ በሽንኩርት ሞዴል አርሶ አደር ተብዬ ከተሸለምኩ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።

መሀል ላይ መስታወት ውስጥ አንዲት ድቡልቡል ነገር ተቀምጣለች። ከቅል አትበልጥም።

አስጎብኚዋ ልጅ፣ «ይህ ሰው መጀመሪያ ጠፈር የወጣበት መንኮራኩር ነው» አለች።

«በዚች? እግሩን የት አድርጎ?»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሞዴል ነው።»

ሞዴል!

ልቤ ሞቅ አለ። ከሞዴል ሌላ እኔ ምን አውቃለሁ? ሰርተፍኬቴ እንደሆነ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ዱላዬን አነሳሁና፣ «እኔም ሞዴል ነኝ! ይቺም ለካ ከመንኮራኩር ሁሉ በልጣ ተሸልማ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ወጣቱ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል።

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አይ አባባ፣ ሞዴል ማለት ዋናው ሳይሆን፣ እሱን አስመስለው አሳንሰው የሠሩት ነው» አለችኝ።

ይማም ይቺን ነበር የሚጠብቀው!

«አልሐምዱሊላህ፣ እውነቱ ወጣ! እኔስ ምን ስል ኖርኩ? አራጋው አስመስለው አሳንሰው የሠሩት ገበሬ ነው!»

እናንተዬ፣ ይህ ቃል ዋጃ ከደረሰ እኔ ከእንግዲህ ሰው ነኝ? ሰርተፍኬቴን አውርጄ እንስራ ልክደንበት?

አንገቴን ደፍቼ የምወጣ መሰላችሁ? አልወጣም!

«ልጄ፣ ዋናው የት አለ?» አልኳት።

«አንዴ ወጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በርሮ አያውቅም፤ አገሩ ተቀምጧል።»

«ይቺስ?»

«ይቺማ ከተማ ለከተማ እየዞረች ሰው ታስተምራለች።»

ዱላዬን ተመርኩዤ ቀና አልኩ።

«ሰማህ ይማም? ዋናው ቁጭ ብሏል፤ የምትሠራው ሞዴሏ ናት! አንተ ዋናው ከሆንክ ሂድና ዋጃ ቁጭ በል! ለመሆኑ ሽንኩርት መትከል ማን አሳየህ?»

ጭብጨባው! ልጅቱ እንኳ ሳትቀር አጨበጨበች።

ይማምም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳቁ አሸንፎት ትከሻዬን ሳመኝ። «ወላሂ፣ አንተን በአፍ የሚችል የለም» አለ።

ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ። ለባለቤቴ አንድ ሳላስቀር አወራሁላት። ሞዴል ምን ማለት እንደሆነም አስረዳኋት።

ምነው ባላስረዳኋት!

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ያኖርኩት ሞዴሉን ነው? ዋናውን የት ደብቀውብኝ ነው?» አለች።

ይኸው ስልኬን አነሳሁ። ዋናውን ያየ ካለ፣ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ!