የአያ አለልኝ መስተፋቅር

ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ድንገት በየቀኑ ጢሙን መከርከም ሲጀምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የጋዜጣ ወኪል ሆኜ ቡሬ ሳለሁ አይቻለሁ። ጎረቤቴ አያ አለልኝ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ያን ክረምት ከማዶ የሚኖሩትን ባልቴት፣ ወይዘሮ የሺወርቅን ወደዱ። ታዲያ እንዲህ ያለ አፍቃሪ ምን ያደርጋል? ይናገራል? የለም፤ ደብተራ ዘንድ ይሄዳል።

ደብተራው አንድ ሥር ሰጣቸው። "ከደጃቸው ይቅበሩት። ሰባት ቀን ሳይነካ ከሰነበተ እሺ ይላሉ።"

አያ አለልኝ ማለዳ ሄደው ቀበሩት። በማግሥቱ ሥሩ ተነቅሎ ሜዳ ላይ ወድቆ አገኙት። "የዶሮ ነገር!" አሉኝ ተናደው። እንደገና ቀበሩ፤ እንደገና ተነቀለ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮዋ ብቅ አሉ።

"ምን ያጎነብሳሉ አያ?"

"አጥሩ ዘሞ አይቼ ነው፣ እሜቴ። ዶሮዎ እንዳይወጣ።"

ካሉ አይቀር ማቃናት ጀመሩ። ነገሩ በዚሁ ወር ሞላው። ሥሩ ይነቀላል፤ አያ አለልኝ ይቀብራሉ፤ ያጥራሉ። ወይዘሮዋ ጠላ ያቀርባሉ፤ ጨዋታው ይረዝማል።

አጥሩ ያለቀ ዕለት እኔም ለጠላው ተጠርቼ ነበር። አያ አለልኝ ጭንቅ ይዟቸዋል፤ ከእንግዲህ በምን ሰበብ ይመጣሉ? በትራቸውን አንሥተው ሊሰናበቱ ሲሉ፣ ወይዘሮ የሺወርቅ ሥሩን ከመቀነታቸው ፈትተው መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው።

"እኔ ዶሮ የለኝም፣ አያ። የደብተራ ሥር መሆኑን አውቄ፣ ሰባት ቀኑ ከሞላ መምጣትዎን ይተዋሉ ብዬ ነው ስነቅለው የከረምሁ።"

አያ አለልኝ ተመልሰው ተቀመጡ። ደብተራው "ሥሬ ፍቱን ነው" እያለ ያወራል። እስካሁን ያስተባበለው የለም።