የቪከሪ ሜዶው ወደብ

ዳላስ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ ጭንቅላቱ። ሦስተኛ ዓይነት የለም። እስቲ ሞክሩት። ከቤታችሁ ወጥታችሁ፣ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ፣ ዝግ ብላችሁ መንገዱን ተያያዙት። የመጀመሪያውን የትራፊክ መብራት ሳታልፉ አንድ ደግ ሰው መኪናውን አቁሞ “ምን ሆንክ፣ ልርዳህ?” ይላችኋል፤ እሱ ባይቆም ፖሊስ ይቆማል። እኔ ከኤርፖርት ሰው ሳመላልስ የምውል የሸትል ሾፌር ስለሆንኩ እግር የተሰጠኝ ነዳጅ ለመርገጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚህ አልናደድም፤ የአገሩ ልማድ ነው። የምናደደው በእኛ ነው።

እኛ ማለቴ አበሻ። ሦስት ሆነን ከተቀመጥን አራት ኮሚቴ እናቋቁማለን። ለቅሶው ኮሚቴ አለው፣ ሠርጉ ኮሚቴ አለው፣ ኮሚቴዎቹ ሲጣሉ የሚያስታርቅ ኮሚቴም ነበረን፤ እሱ እንኳ ለሁለት ተከፍሏል። ይህን የምላችሁ ማማት ስለምወድ አይደለም። ማማትስ እወዳለሁ፤ ዛሬ ግን አንጀቴ አርሮ ነው።

ጋሽ ብርሃኔ ከእኔ በር ትይዩ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ፣ በወደቡ ሆቴሎች ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አባታቸው ጎጃሜ፣ እናታቸው የሐማሴን ሴት። ልጃቸው ሳባ ነርስ ናት፤ አግብታ ከከተማው ወጣ ብሎ ሳክሲ ቤት ስትገዛ እሳቸው “እኔ እዚሁ ይሻለኛል” ብለው እኛ ሰፈር፣ ቪከሪ ሜዶው ቀሩ። ቀርተው ምን አደረጉ መሰላችሁ? ምጽዋን አፓርታማችን ግቢ ውስጥ ዘረጓት።

የግቢው መግቢያ ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ድልድይ ሆነ። ኪራይ የምንከፍልበት ቢሮ ጉምሩክ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ብዙም አልተጋነነም። ውሃ ካየ ዘመን ያለፈው መዋኛ ገንዳ ቀይ ባሕር። ልብስ ማጠቢያው ክፍል የጣልያኑ ሆቴል፣ ከጎኑ ያለው ሕንፃ የግሪኩ ቡና ቤት፣ ወዲያ ማዶ ደረጃው ሥር መርከበኛ የሚደንስበት ሰገነት። በየጠዋቱ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይወጣሉ፤ አንዱ በር ፊት ይቆማሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በሦስት ጣታቸው አየሩን እየተጫኑ እዚያ ቤት ይጫወቱት የነበረውን ያንጎራጉራሉ። ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው። ቁጭ ብለው ይንገሩኝ ብላቸው እሺ አይሉም፤ ዘፈኑ የሚመጣላቸው ቤቱ ፊት ሲቆሙ ብቻ ነው።

እስቲ አሁን በሩ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ እንበል። በቀዳዳ ስታዩ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ደጃችሁ ላይ ያንጎራጉራል። ለቢሮው ትደውላላችሁ። ተደወለ። ማናጀሯ ሳባን ሥራ ቦታዋ ኮል አደረገቻት፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። ሳባ ፊቷ አመድ መስሎ እኔ ዘንድ መጣች።

“ጋሼ፣ ዳድ ማይንዱን እየሳተ ነው መሰለኝ። ሆስፒታል በየቀኑ ነው የማየው፣ ሲጀምር እንዲህ ነው። ሶ፣ ሳክሲ ልወስደው ነው።”

ሳክሲን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቀን ሙሉ ቢዞሩ አንዱን ከሌላው ለይተው “ይሄኛው የግሪኩ ነው” የሚሉት በር አያገኙም። ጋሽ ብርሃኔም ይህን ያውቃሉ። “እዚያ ከሄድኩ ዘፈኖቹ ይጠፉብኛል” አሉኝ። ሳባን ለመንኳት፤ ቅዳሜ ነይና አብረሻቸው ሂጂ፣ በር በበር ያስረዱሽ፣ ከዚያ በኋላም ልክ አይደሉም ካልሽ ትወስጃቸዋለሽ፣ ልክ ናቸው ካልሽ ደግሞ ተያቸው አልኳት። አሰበች፣ አሰበችና “ኦኬ” አለች። ጋሽ ብርሃኔ ትራምፔታቸውን ከሳጥኑ አውጥተው ሲወለውሉ ሰነበቱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም እኔም አልናደድ፣ እናንተም ጊዜያችሁን አታጠፉ። ጋሽ ብርሃኔ ግን ጨዋ ሰው ናቸውና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ላገኙት ሁሉ “ቅዳሜ ኑ፣ በእግር ምጽዋን እናያለን” አሉ። አለቀ። ዓርብ ሳይመሽ ኮሚቴ ነበረን፤ ሊቀመንበሩ ደምሴ። ሁልጊዜም እሱ ነው፤ አዋላጇንም ስብሰባ ጠርቶ ሳይሆን አይቀርም የተወለደው። በኤርትራውያኑ በኩል ደግሞ ኪዳኔ ምጽዋ የሚለውን ስም ሲሰማ የራሱን ሰዎች ይዞ ሊመጣ ተሰናዳ። ያን ጊዜ ኤርትራ ከተለየች ገና ቅርብ ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ሣጥን እያነሱ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። ሳባ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ ሰዉን አይታ ደነገጠች። ጋሽ ብርሃኔ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ እርጥብ ፎጣ ጥለዋል፤ የምጽዋ ተጫዋች በሙቀቱ እንዲህ ነበር የሚሠራ አሉ። ድልድዩን አሻገሩን፣ ጉምሩኩን አሳለፉን፣ ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ አቆሙን። በሩን ሲከፍቱት የማድረቂያዎቹ ወላፈን ፊታችንን መታው።

“ምጽዋ ነሐሴ ላይ ይኸው ናት” አሉ።

ሰዉ ሳቀ። ሳባም ሳቀች። ከዚያ ጋሽ ብርሃኔ ማውራት ጀመሩ፤ ወዳጆቼ፣ ያን ጊዜ ብታዩአቸው። ወደቡ ላይ ሙዚቃውን የሚያዘው መርከቡ ነው አሉ። የግሪክ መርከብ ሲገባ የግሪክ፣ የሕንድ ሲገባ የሕንድ ይነፋሉ፤ ዜማውን የሚያስተምሯቸው መርከበኞቹ ራሳቸው ናቸው፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ። መርከብ የሌለ ቀን ግን ለራሳቸው ይጫወታሉ። ጊታሩ የየመን ልጅ፣ ከበሮው የወላይታ ልጅ፣ ዘፋኟ የከረን። በዚያ ባዶ ቀን አንድ ዘፈን ሠሩ፤ አንዱ ቤት በዐረብኛ፣ አንዱ በትግርኛ፣ አንዱ በአማርኛ። የጨው አየር የትራምፔቱን ቁልፍ ስለሚያጣብቀው ዜማው ላይ አንድ ድምፅ ትዘገያለች፤ በኋላ ሰዉ ያቺን መዘግየት ወደዳትና ቁልፉ ደህና ሲሆንም ማዘግየት ግድ ሆነ።

ሳባ ዓይኗን ከአባቷ አልነቀለችም። “ዳድ፣ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርከኝም?” አለች።

“አብረሽኝ ወጥተሽ አታውቂማ።”

ከዚያ ትራምፔቱን ወደ ከንፈራቸው አነሱ። ደምሴ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና፣ ጋሽ ብርሃኔ ከመንፋትዎ በፊት፣ ይህ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅርስ መሆኑ አንድ ይባልልን።”

“የማን ቅርስ?” አለ ኪዳኔ። “ከተማዋ የማን ሆነችና?”

ከዚህ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ሰው ያለበት ከተማ ከኖራችሁ ሰምታችሁታል። የባሕር በር መጣ፣ ሪፈረንደም መጣ፣ ጣልያን መጣ፣ ቱርክ መጣ። ማን ምን እንደሸጠ፣ ማን ምን እንደቀማ። አንዲት የካምቦዲያ ሴትዮ በመሃላችን ተሽሎክልካ ገብታ፣ ልብሷን ከማድረቂያው አውጥታ፣ አንድ በአንድ አጥፋ፣ በቅርጫት ይዛ ወጣች፤ እኛ እዚያው ነን። ትራምፔቱ ጋሽ ብርሃኔ ደረት ላይ እንዳለ ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እሳቸው ዞረው ይፍረዱ፣ የማን ነው አሏቸው።

“የመርከበኞቹ ነበር” አሉ ጋሽ ብርሃኔ ቀስ ብለው። “የሚሰሙን እነሱ ነበሩ።”

ማንም ልብ አላለውም። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና ሰውየው ይንፉበት፣ እናንተ በኋላ ትበላላላችሁ አልኩ። ደምሴም ኪዳኔም እኩል ዞረው “አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ?” አሉኝ። እስካሁን ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ግሪኩ ቡና ቤት አልደረስንም። ሰገነቱ ጋ አልደረስንም። ዘፈኑንም አልሰማነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ሥራ እፊታችን ቆሞ፣ እኛ የባለቤትነት ክርክር ይዘናል። ጋሽ ብርሃኔ የአንገታቸውን ፎጣ አወረዱ፣ ትራምፔቱን ጠረጉበት፣ ሳጥኑ ውስጥ አስተኝተው ከደኑት።

ሳባ ሰዉን ሰንጥቃ ገባችና አባቷን በክንዳቸው ያዘቻቸው።

“ዳድ ምንም አልሆነም” አለች፤ ለእኔ ነበር የምትናገረው፣ ግን ሁሉም ሰማ። “ማይንዱ ከማንኛችሁም ይሻላል። ሶ፣ ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ።”

ደምሴ ግራ ገባው። “ደህና ከሆኑማ ለምን ትወስጃቸዋለሽ፣ ልጄ?”

“እዚህ ከቆየ ነዋ የሚታመመው።”

ልክ ከሆኑ ትተያቸዋለሽ ብዬ ቃል ያስገባኋት እኔው የመኪናዋን በር ከፈትኩላቸው። ጋሽ ብርሃኔ ወደ ሰገነቱ በኩል አንድ ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያ ያለ ምንም ክርክር መኪናዋ ውስጥ ገቡና ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሳባ ሞተሩን አስነስታ ወጣች።

ደምሴና ኪዳኔ ጎን ለጎን ቆመው መኪናዋን በዓይናቸው ሸኟት።

“ያቺ ልጅ ግን ባለጌ ናት” አለ ደምሴ።

“አሜሪካ ያሳደጋት ምን ታድርግ” አለ ኪዳኔ፣ ራሱን እየነቀነቀ። ሁለቱ ከተኳረፉ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው።