ለነዳያን የታረደው በሬ

እኛ ሰው ማብላት እንወዳለን። «በሞቴ» እንላለን፣ «አፈር ስሆን» እንላለን፣ ጠግቦ ቁና ቁና የሚተነፍሰውን እንግዳ አፉን ፈልቅቀን እናጎርሳለን። እርግጠኛ ያልሆንኩት የምናበላውን ሰው እንወደው እንደሆነ ነው። ጨጓራዬን ያመኛል እያላችሁት በግድ ቀይ ወጥ ያጎረሳችሁ ዘመድ መቼም አይጠፋችሁም። ያ ሰው ሲያጎርሳችሁ የሚያየው የራሱን እጅ ነው፤ የእናንተን ሆድ መቼ አየና! ዛሬ የማማው ግን ዘመድ አይደለም። ራሴንና ማኅበሬን ነው።

ሰመራ የመጣሁት ከአዋሽ ተዛውሬ ነው። አዋሽ ላይ የንግሥ ቀን ሲደርስ ነዳያን ፍለጋ አይወጣም። እነሱ ራሳቸው ማተባቸውን አስረው ከየአቅጣጫው ይመጡና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይደረደራሉ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሹፌርም እጁን ሳይዘረጋላቸው አያልፍም። እኛም ሰንጋ ጥለን እናበላ ነበር። እናም ሰመራ ላይ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ባለ ጋራዡም ተሰባስበን የመድኃኔዓለምን ጽዋ ማኅበር ስንጀምር ልማዳችንን ከሻንጣችን ጋር ይዘነው መጣን። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ አቶ ሰይፉ እንደ እኔ የአዋሽ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በመሥሪያ ቤቴ መዝገብ ቤት ስለምሠራ ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ።

ያን ዓመት ድርቅ ነበር። ከአዳይቱ ወዲያ ፍየሎቹ ያለቁበት ቤተሰብ ሁሉ እየመጣ በከተማው ዳር በሰሌንና በላስቲክ መጠለያ ይሰፍር ጀመር። አንድ እሑድ ካህናችን ስለ ተራበ ሰው አስተማሩ። ጌታ በተራበ ሰው መልክ ደጃችሁ ቢቆም ታውቁት ይሆን? ብለው ጠየቁን። አለቀስን። የማሾፍ እንዳይመስላችሁ፣ የምር አለቀስን። እንባችን ሳይደርቅ ለጥቅምት መድኃኔዓለም በሬ አርደን በድርቁ የተጎዱትን እናብላ ተባባልን።

የትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነችው ወይዘሮ ጽጌ ብቻ፣ «ዱቄትና ዘይት ገዝተን ብናድልስ?» አለች።

«መድኃኔዓለምን በዱቄት?» አላት አቶ ሰይፉ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። በሬው ከአሳይታ ገበያ ተገዝቶ መጣ፤ ድርቅ ከብት ስለሚያረክስ ጥሩ በሬ ነበር ያገኘነው።

ቢሮአችንን የምታጸዳ ሐዋ የምትባል የአፋር ሴት አለች። የወንድሟ ሚስት ፍየሎቿ ሲያልቁባት አራት ልጆቿን ይዛ እሷ ዘንድ ተጠግታለች። ተጋባዦቹን እንድትጠራልን የላክናት እሷን ነው።

«ወላሂ ጋሼ፣ አላህ ይስጣችሁ» አለችኝ ዐይኗ በርቶ። «ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ ሻይ ብቻ ነው የቀመሱት።»

ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። የጠራ ሰው የጠራውን ሰው ያውቃል ብላ ይሆናላ።

እናንተማ ገና ድሮ ገብቷችኋል። እኛም ብንሆን አላወቅንም አይባልም። የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ነገር መኖሩን በዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሰመራ ላይ በየቀኑ ለምሳ ስንወጣ በዚሁ ጉዳይ ከሙስሊም ባልደረቦቻችን ጋር መንገድ ላይ ተለያይተን ነው የምንበላው። ማወቅማ እናውቃለን። የዘነጋነው የሚበላውን ሰው ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሐዋ ያላትን ደህና ልብስ ለብሳ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎችን አስከትላ፣ በቀትር ፀሐይ ድንኳን ወደተከልንበት ግቢ ገባች። የወንድሟን ሚስትና አራቱን ልጆች ከፊት አስቀመጠቻቸው። ድንኳኑ ሞቅ ብሏል፣ ካህኑ ባርከዋል፣ የትሪዎቹ መክደኛ ተነሣ። ሐዋ ሥጋውን አየችና ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ማነው ያረደው?»

«ይልማ» አልኳት። ይልማ ባለ ጋራዡ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው መስቀል ከሩቅ ይታያል።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ፊቷን ግን አየሁት፤ እነዚያን ሠላሳ ሰዎች በቃሏ አምጥታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሩዙንስ ቢበሉ?» አለ አቶ ሰይፉ። ሩዙ እንዲጣፍጥላቸው ተብሎ በሥጋው መረቅ ነው የተቀቀለው። እንጀራውም አብዛኛው ወጥ ፈሶበታል። ለመድኃኔዓለም ክብር ሥጋ ያልነካው ነገር ቢፈለግ ጠፋ። ወይዘሮ ጽጌ ብቻ ወደ ጓዳ ሮጣ ጥቂት ደረቅ እንጀራ ይዛ ብቅ አለች፤ ለልጆቹም ቆራርሳ አደለቻቸው። አምስት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ግን እንጀራውን ትታ እጇን ወደ ትሪው ዘረጋች። እናቷ እጇን ያዘቻት። ልጅቷ ሌላኛውን እጇን ዘረጋች፤ እሱንም ያዘቻት። ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች። እንደ እኛ ስብከት ሰምታ አይደለም።

«የራበው ሰው አይመርጥም እኮ» አለ አቶ ሰይፉ በጆሮዬ። ይህ ሰው አንድ ጊዜ አሳይታ ለሥራ ሄዶ፣ ያለው የእስላም ሥጋ ብቻ ነው ሲሉት ሦስት ቀን ሙሉ በብስኩት ከርሞ የተመለሰ ነው። ማተቤን አላስነካም ብሎ ስንት ጊዜ አውርቶልናል! እኛም ጀግና ብለነዋል። የእኛ ሲሆን ጽናት፣ የእነሱ ሲሆን ምርጫ። ይህን ልለው ፈልጌ ነበር፤ አላልኩትም።

ታዲያ በሬውን ሙስሊም እንዲያርደው አታደርጉም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። ሙስሊም ካረደውማ እኛ አንበላም! በሬው ለማን እንደታረደ አሁን ግልጽ የሆነላችሁ ይመስለኛል። ሃይማኖታችን ለተራበ የምንራራበት መሠረት ነው ስንል እንውላለን። መሠረቱ አይጠረጠርም፣ ጽኑ ነው። እኛ ግን በላዩ ላይ የሠራነው ራሳችን ግብር የምንበላበትን አዳራሽ ነው።

እንግዶቻችን በመጡበት ፀሐይ ተመለሱ። ሥጋ አይደፋም ተባለና ተቀመጥን፣ በላን። የተረፈውንም በፌስታል ተከፋፈልን። ሥጋው ይጣፍጥ ነበር። እስከዛሬ የምጠላው አንድ ነገር ቢኖር ያን መጣፈጡን ነው።

ሰኞ ሐዋ እንደ ወትሮዋ ማልዳ መጥታ ወለሉን ስትወለውል ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ።

«ይተዉት ጋሼ» አለችኝ ቀና ሳትል። «እኔ ለሰዎቼ ቤት ተሳስቼ ነው አልኳቸው። የጠሩን ሌላ ግቢ ነው፣ እዚህ የክርስቲያን ሰርግ ላይ ነው የገባነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። የወንድሜ ሚስት እስካሁን ትሰድበኛለች።»

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

«እንጀራዬ ከናንተ ጋር ነው። ሰዎቼ እናንተን በክፉ እንዲያነሱ አልፈልግም።»

ባልዲዋን አንሥታ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።

የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች በሬ ታርዶ፣ ተጠርተው መጥተው፣ ማዕድ ቀርቦላቸዋል» ይላል። በሬው ታርዷል፣ ሰዎቹም ተጠርተው መጥተዋል፣ ማዕዱም ቀርቧል፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። አባላቱ ፈረሙ፤ ካህኑም እግዚአብሔር ይቀበላችሁ ብለው ባረኩን። ለሚመጣው ዓመት ሁለት በሬ ይሁን ተብሎ እጅ ሲወጣ የእኔም እጅ ወጣ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የዋሸችው ሐዋ ብቻ ናት።