በአንድ ምስማር የተንጠለጠለችው ጣውላ

ለገዛ ጉልበቱ ሐኪም ቤት መሄድ እየሰነፈ ለአጥሩ ግን እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የካዛንቺሱ ክቡር አቶ መዝገቡ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ጎረቤቱ ሁሉ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሲታጠር እሳቸው ከሰው ቁመት ከሚበልጠው የእንጨት አጥራቸው ጋር ጸኑ፤ ሰፈሩም የአጥር ሚኒስትር ብሎ ሾማቸው። ሹመቱን ሲሰሙ አልሳቁም። እንዲያውም ትንሽ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ሚኒስትሩ ሥራ የሚጀምሩት ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ጠንከር ስትል ነው። መጀመሪያ ከቋሚዎቹ ሥር አፈሩንና ቅጠሉን ይጠርጋሉ፤ አፈር ያቀፈው እንጨት ይበሰብሳላ! ከዚያ የተላጠውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፣ የዛገውን ምስማር በጉጠት ነቅለው በአዲስ ይተካሉ፣ ምስጥ እንዳይደፍራቸው የቋሚዎቹን እግር ከጋራዥ ባመጡት የተቃጠለ ዘይት ይቀባሉ። ለቀለም ግን በጭራሽ አይቸኩሉም። የልጇን ትኩሳት እንደምትለካ እናት መዳፋቸውን ጣውላው ላይ ለጥፈው ይቆዩና "ገና ነው፤ አልደረቀም" ይላሉ። እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ውሃውን ውስጥ ቆልፎ ያበሰብሰዋል ነው ነገሩ። ይህንን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ያልተነገረው የለምና።

አንድ ጎልማሳ ስልክ እያወራ አጥራቸውን ቢደገፍ "ወንድሜ፣ እሱ ለመደገፊያ አልተሠራም" ብለው ከእንጨት አመራረጥ ጀምረው እስከ ቫርኒሽ አደረሱት፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሰልችቶት ዘጋ። ለቅሶ ቤት እንኳ ገብተው የድንኳኑን ቋሚ በጣታቸው ሲያንኳኩ ታይተዋል። ስለዚህ ወደ ኡራኤል የሚሄድ ሰው ሁሉ እሳቸው ደጅ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። ሚኒስትሩም ብሩሻቸውን እንደያዙ፣ "እንዴት አደሩ" የሚላቸው ሰው እየጠበቁ ያረፍዳሉ።

ሰገን ከመቀሌ መጥታ ከጀርባቸው ያለውን ቤት የተከራየችው ይህንን ሁሉ ሳታውቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ያጠበችውን ፎጣ በአጥሩ ማገር ላይ አሰጣች። ወዲያው በሯ ተንኳኳ።

"ልጄ፣ ፎጣውን ብታነሺልኝ? እንጨት እርጥብ ነገር አይወድም።"

"ውይ ይቅርታ ጋሼ፣ ማለቴ... አላወቅኩም ነበር።"

"አለማወቅ ነውር የለውም" አሉና እስክታውቅ ድረስ አርባ ደቂቃ በሯ ላይ ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ሰገን ገና ከሩቅ ስታያቸው ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "እሺ፣ እሺ፣ በቃ እደውላለሁ" እያለች ታልፋለች። ስልኩ ውስጥ ማንም የለም። የሚደውልላትም ሰው ብዙ አልነበረም፤ ከሥራ ገብታ በሯን ከዘጋች በኋላ እስከ ማግስቱ የሰው ድምፅ የማትሰማበት ቀን ይበዛ ነበር። ብቸኝነቱ ከብዷታል፤ አርባ ደቂቃው ግን ባሰባት።

በመስከረም አንድ እሁድ ግቢዋን ስትጠርግ ከአጥሩ ጣውላዎች አንዷን ከላይ በአንድ ምስማር ብቻ ተንጠልጥላ አየቻት። ገፋ ስታደርጋት ወደ ጎን ሸሸችና የአንድ ሰው ፊትና አንድ ሳህን የምታሳልፍ ክፍተት ተከፈተች። ምስማሯ አዲስ ናት፤ ዘይትም ተቀብታለች። ሰገን ግን ይህንን ልብ አላለችም። "እኚህ ሰውዬ ይህች እንዴት አመለጠቻቸው? አይ እርጅና!" ብላ አዘነችላቸው፤ ስትሸሻቸው መክረሟም ቆጫት። ከሰፈሩ ነጋዴ ከቸሩ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ መዶሻ ተውሳ፣ አራት ምስማር ገዝታ፣ ጣውላዋን እንዳትነቃነቅ አድርጋ መታቻት።

"ጋሽ መዝገቡ! የላላችውን ጣውላ አጠበቅኩልዎት!"

የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ቀረበ። ከወዲያ ሆነው ጣውላዋን ገፏት። አልተነቃነቀችም። ደግመው ገፏት። ሰገን አርባ ደቂቃዋን ለመቀበል ተዘጋጅታ ቆመች።

"ጥሩ ነው፤ እጅሽ ይባረክ" አሉና ተመለሱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ሚኒስትሩ ደጅ አልታዩም። ፀሐይዋ ለቀለም የተመቸች ሆና ሳለ አጥሩ ግማሹ ተፍቆ ግማሹ ሳይፋቅ ቀረ። ሰዉ ያለ ስጋት በደጃቸው ማለፍ ጀመረ፤ የሚገርመው፣ ደስ አላለውም። ሰገንም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ እንደያዘች ሁለት ጊዜ አለፈች፣ ሁለቴም ዞር ብላ በሩን አየች። በአራተኛው ቀን መዶሻውን ልትመልስ ቸሩ ሱቅ ገባች።

"ጋሽ መዝገቡ አሟቸዋል እንዴ? ጣውላቸውን ከመታሁላቸው ወዲህ አላየኋቸውም።"

ቸሩ የሚመዝነውን ምስማር ተወው። "የቷን ጣውላ?"

"በእኔ ግቢ በኩል ያለችውን፤ በአንድ ምስማር የተንጠለጠለችዋን።"

"ውይ ሰገን! እሷ እኮ የእትዬ አዚዛ መስኮት ናት።"

ሰገን የምትኖርበት ቤት የእትዬ አዚዛ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት የምስር ሳምቡሳው በዚያች ክፍተት ያልፍ ነበር፤ ከወዲያ ደግሞ ሎሚና አቶ መዝገቡ አንብበው የጨረሱት ጋዜጣ ይመጣ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሚኒስትሩን ሲሸሽ እትዬ አዚዛ ብቻ በርጩማቸውን አቅርበው የአጥሩን ወሬ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ ነበር።

"ከአራት ዓመት በፊት እትዬ አዚዛን ጉልበታቸውን አማቸውና ልጃቸው ሂባ ወደ አያት ሰፈር ወሰደቻቸው" አለ ቸሩ። "አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለ። አንዴ ወጡ፣ አልወረዱም። ጋሼ ግን በየዓመቱ ያቺን አንድ ምስማር ይቀይራሉ። ከእኔ ነው የሚገዙት፤ አንዲት ምስማር ብቻ! 'ምናልባት ብቅ ካለች ጣውላው እንዳያስቸግራት' ይሉኛል።"

ሰገን አፏን በእጇ ያዘች። "ጉጠት አለህ?" ብቻ አለችው።

ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፤ የመጨረሻው እጇን ላጣት። የላይኛዋን፣ የእሳቸውን ምስማር አልነካቻትም። ጣውላዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ በክፍተቷ አየች። ከሎሚው ዛፍ ሥር የቀለሙ ጣሳ እንደተከደነ ተቀምጧል። ከጣሳው አጠገብ አንድ ባዶ በርጩማ አለ፤ ልክ ከጣውላዋ ፊት ለፊት።

"ጋሽ መዝገቡ! ደርቋል?"

ደግማ ልትጣራ ስትል በሩ ተከፈተ። አቶ መዝገቡ ቀስ ብለው መጡ። ክፍተቷን አዩ፣ ሰገንን አዩ፤ ከዚያ አራቱን የምስማር ቀዳዳዎች በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"በዚህ ቀዳዳ ውሃ ይገባል" አሉ በመጨረሻ። "በስቱኮ መደፈን አለበት። ስቱኮው ራሱ ደግሞ ካልደረቀ..."

"አንዴ ይጠብቁኝ ጋሼ።"

ሰገን ስልኳን ቤት ውስጥ ጥላ፣ በርጩማዋን ይዛ ተመለሰችና ከጣውላዋ ሥር ተቀመጠች።

"እሺ፣ ስቱኮው ካልደረቀስ?"