ጉዳይ የሌለው ስልክ

ሰው ስልክ ሲያነሳ የሚላትን የመጀመሪያ ቃል ስሙና የት አገር እንዳላችሁ ታውቃላችሁ። እዚህ ኢየሩሳሌም «ኬን?» ይላሉ። «አዎ?» ማለት ነው፤ «ምን ፈለግህ? ቶሎ በል» የሚለውን ቀሪውን በድምፃቸው ይጨርሱታል። እኛ ደግሞ ጉዳያችን ጋ እስክንደርስ ስንት ደጅ እንደምናልፍ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ጤናው፣ ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብት ባይኖርም ከብቱ፣ ከዚያ እንደገና ጤናው። አንዳንዴም ጉዳዩ ጨርሶ ሳይመጣ ስልኩ ይዘጋል። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከጎንደር መጥቼ፣ ወታደርነቱንም ዩኒቨርሲቲውንም ጨርሼ፣ ሠላሳ ሳይሞላኝ «ኬን?» ባይ ሆኜ አረፍሁት።

ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ አለልኝ ናቸው። አርሞን ሃናጺቭ አካባቢ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይደውሉልኝ ነበር። «አለህ ወይ?» ይላሉ። አለሁ ጋሼ እላለሁ። ደህና መዋሌን ይጠይቃሉ፤ እኔም እጠይቃለሁ፤ «በል እንግዲህ» ብለው ይዘጋሉ። ይኸው ነው። የሥራ ጓደኞቼ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ይሳሳቃሉ፤ እኔ ደግሞ እሸማቀቃለሁ።

ከፋሲካ በፊት ሥራ ሲያጣድፈኝ፣ በቀትሩ ስልክ ላይ፣ «ጋሼ፣ ጉዳይ ሲኖርዎ ይደውሉ» አልኋቸው። ልብ በሉልኝ፣ በአክብሮት ነው ያልሁት፤ አንቱታዬን አላጎደልሁም። «እሺ ልጄ» አሉኝ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ፋሲካ አለፈ፣ ከፋሲካ ሰባት ሳምንት በኋላ የሚውለው የሻቩዖት በዓልም አለፈ፣ ስልኩ ዝም። የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም። በሁለተኛው ወር ግን ቀትር ሲደርስ ዓይኔ ወደ ስልኩ መሄድ ጀመረ። አነሳዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ደውዬስ ምን ልል? ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ጉዳይ የሌለኝም እኔ። ሄዶ መጠየቅስ ማን ከለከለህ ትሉኝ ይሆናል። ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ ለሰው። ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር፤ አፍሬ ነው።

ታዲያ ያ ሥራ እንዲህ ነበር። ከሃነቪኢም ጎዳና በምትገባ አንዲት መታጠፊያ ላይ ካለች ትንሽ የኮምፒውተር ድርጅት ተቀጥሬ፣ የአንድ ክሊኒክን ኮምፒውተር ከተማው ሌላ ጫፍ ካለ የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ኮምፒውተር ጋር አነጋግር ተባልሁ። ክሊኒኩ ትእዛዝ ይልካል፣ ላቦራቶሪው ውጤት ይመልሳል፤ ንግግሩም ማንም መንገደኛ እንዳያነበው በምስጢር ጽሕፈት ይቆለፋል። ችግሩ ክሊኒኩ በፋየርዎል የታጠረ ነው። ስሙ የእሳት ግድግዳ ማለት ነው፤ እሳትም የለው፣ ግድግዳም አይደል፤ ግን ከውስጥ የሚወጣውን አሳልፎ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ የሚመልስ ጥብቅ ዘበኛ ነው። መላው፣ የውስጡ አስቀድሞ ወደ ውጭ እንዲደውል ማድረግ ነው። አንዴ የውስጡ ከጠራው፣ የውጭው በዚያው በተከፈተው መስመር እንዲመልስ ዘበኛው ይፈቅዳል።

እንዲያ አድርጌ ሠራሁት። ለሁለቱም ኮምፒውተሮች የሚላክ ነገር ሲኖራቸው ብቻ እንዲናገሩ፣ ከዚያ ውጭ ዝም እንዲሉ አዘዝኋቸው። ጠዋት ታማሚ ሲበዛ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ከሰዓት በኋላ፣ ክሊኒኩ ጭር ሲል፣ ውጤቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አራት ቀን ፈተሽሁ። የሚገርመው ሁለቱም ኮምፒውተሮች መስመሩ አልተቋረጠም ባዮች ናቸው። ያኛውም ተገናኝተናል ይላል፣ ይኸኛውም ተገናኝተናል ይላል። በመካከላቸው ግን ምንም አያልፍም።

በአምስተኛው ቀን ወንበሩ አላስቀምጥ አለኝ። አለቃዬ ራፊ እስከ ነገ ካልሆነ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጠው ነግሮኛል፤ ከዚያ የባሰው ግን ቀትር መድረሱ ነው። ወጥቼ በኢትዮጵያ ጎዳና ወዲያ ወዲህ ማለት ያዝሁ። ታውቁታላችሁ፣ ጠባብ ነው፤ በግራም በቀኝም የድንጋይ አጥር ነው፤ ለሚንቆራጠጥ ሰው የተሠራ ይመስላል። ስመላለስ እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ክፍት ነው። አንዲት ሴት ከውስጥ፣ አንዲት ሴት ከውጭ ቆመዋል። የመጣው ፌስታል ከእጅ ወደ እጅ አልፏል። እነሱ ግን ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና፣ አንቺስ ደህና ላይ ናቸው። በሦስተኛው ዙሬም አልጨረሱም። በረኛው ጠና ያሉ መነኩሴ ናቸው፤ መዝጊያውን እንደያዙ ቆመዋል። እንዴት ዋሉ አባ አልኋቸው።

«ዝም ቢሉልኝማ ዘግቼ አረፍ ባልሁ» አሉኝ። «ሰው እያወራ እንዴት ይዘጋል ልጄ?»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሮጥሁ።

የኔው ዘበኛም ይኸንኑ ነበር የሚያደርገው። ዝም ያለ መስመር ያየ እንደሆነ፣ ጨርሰዋል ብሎ ለማንም ሳይናገር ይዘጋዋል። ፕሮግራሙ ላይ አራት መስመር ትእዛዝ ጨመርሁ፤ በየደቂቃው የውስጡ «አለህ?» እንዲል፣ የውጭው «አለሁ» እንዲል። ሌላ ምንም። ከሰዓቱ ጭር ብሎ አለፈ፣ አንድም ውጤት አልጠፋም። ራፊ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ይህን ከየት ተማርህ አለኝ። በቀን ሦስት ጊዜ ሲያስተምሩኝ የኖሩትን ሰው፣ ጉዳይ ሲኖርዎ ብያቸዋለሁ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልሁ። ቶሎ አነሱት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ምን ጉዳይ ገጠመህ?» አሉ፤ ድምፃቸው ደንግጧል።

ምንም ጉዳይ የለኝም አልኋቸው። ደህና ነዎት ወይ፣ ቤቱስ፣ ጤናዎስ እያልሁ እንደ ልጅነቴ ደረደርሁት። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። አሁን ደህና ነኝ አሉ። «አሁን» ያሏት አላማረችኝም፤ ጠየቅሁ። ከሻቩዖት በኋላ ልባቸውን አሟቸው፣ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ጎረቤት ነው አሉ ያመላለሳቸው።

«ጋሼ፣ ለምን አልደወሉልኝም?»

«ጉዳይ መሆኑን አላወቅሁም ልጄ» አሉ። ቂምም አልነበረበት፤ ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ያን ማታ እሳቸው ጋ አደርሁ። በማግስቱ ጠዋት ራፊ ሥራውን ለክሊኒኩ ሰዎች ሲያስረዳ፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። ከጋሼ ቤት ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሆነኝም። ሁሉም ዘወር ብለው አዩኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም ሸማቀቅ አልሁ፤ ሰው በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ግን አነሳሁት።

«አለህ ወይ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«በል እንግዲህ።»

ራፊ ምን ተፈጠረ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ምንም አልተፈጠረም አልሁት።