ማዳም ዜሊ ሳይነቃነቁ ተጋድመው የዋሉበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ። ሙሴ ባቲስታን በፈረንሳይ አገር በካሲስ ከተማ ከንቲባ በሆኑ በሦስተኛው ዓመት፥ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፥ በወርኃ ሰኔ፥ በዕለተ ዓርብ፥ ድምፃቸው ከወደቡ ማዶ የሚሰማው፥ የሰርዲን ባለሟል፥ የገበያው ግርማ ማዳም ዜሊ ታላቅ ገድል ፈጸሙ፤ ገድላቸውም መጋደም ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀለም የማይሰስቱት ሠዓሊ ሙሴ ኦኖሬ በቀይ ድንክ አልጋ ላይ የተጋደመች ሴት ሊሥሉ ሽተው ማዳም ዜሊን በለመኑ ጊዜ፥ ባላንጣቸው ዓሣ ሻጯ ማዳም ሴራፊን ሰምተው በገበያው መካከል አወጁ፦ «ዜሊ? እሷ እኮ ቅዳሴ ላይ እንኳ አርፋ አትቀመጥም። እስከ ቀትር ደወል ዝም ብላ ከተጋደመች እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ ከተነቃነቀች ግን ከገበያው ዛፍ ሥር ያለውን ጥላዋን ትለቅልኛለች።» ያም ጥላ ሃያ ዓመት የማዳም ዜሊን ዓሣ ከፀሐይ ያዳነ ነበረ። ማዳም ዜሊም እንዳይነቃነቁ በዓሣ አጥማጁ በቅዱስ ጴጥሮስ ስም ማሉ።

ተከትለዋቸው ወደ ሠዓሊው ቤት የወጡትም እነዚህ ናቸው፦ ጀልባቸውን አስረው የመጡት ባላቸው ፎርቱኔ፥ ሁለት መረብ ጠጋኞች፥ ለመመስከር ማዳም ሴራፊን፥ ለመፍረድ ባለ ሦስት ቀለም መቀነታቸውን የታጠቁት ከንቲባ፥ ሳትጠራም የዓሣ ሽታ የሳባት አንዲት ድመት።

ማዳም ዜሊም ቢጫ ቀሚሳቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለብሰው፥ ስለዚህም የጸሐፊው ብዕር ፈጣሪውን አመሰገነ፥ በባዶ እግራቸው ተጋደሙ። ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ሰፈረ፥ ታገሡት፤ ክንዳቸው ደነዘዘ፥ ታገሡት፤ ድመቲቱ ሆዳቸው ላይ ወጥታ ተኛች፥ እሷንም ታገሡ። ሙሴ ኦኖሬም ፊታቸውን አረንጓዴ፥ ጠጕራቸውን ሰማያዊ፥ ክንዳቸውን ብርቱካናማ አደረጉት።

ደወሉ ጥቂት ሲቀረው ማዳም ሴራፊን በመስኮቱ ብቅ ብለው ከታች ላለው ገበያ አወጁ፦ «የዜሊ ሰርዲን የትናንት ነው። ዓይኑ ፈዟል፥ እንዳትገዙ።» በዓሣ ሻጭ ላይ ከዚህ የከፋ ስድብ የለምና ባላቸው ፎርቱኔ አንገታቸውን ደፉ። ማዳም ዜሊ ግን አልተነሡም፥ አልተናገሩም፤ ቁጣቸው በጉሮሯቸው መውጫ ቢያጣ ቍልቍል ወርዶ በግራ እግራቸው አውራ ጣት ደረሰ፥ እርሷም ብቻዋን ቀና አለች። ሙሴ ኦኖሬ ያዩትን እንጂ የሚያውቁትን አይሥሉምና፥ አምስቱን ጣቶች ሥለው ጨርሰው ሳሉ የተነሣችውን በተነሣችበት ደገሟት።

ደወሉም ተደወለ። ማዳም ሴራፊን በሥዕሉ ላይ ስድስት ጣት ቈጥረው፥ ተነቃንቃለችና ጥላው የእኔ ነው አሉ። ከንቲባው መነጽራቸውን አጥልቀው፥ ከራስ እስከ እግር መርምረው ፈረዱ፦ «ፊቷ አረንጓዴ ነው ብለን ታማለች አላልንም። ጠጕሯ ሰማያዊ ነው ብለን ከቀለም በርሜል ወድቃለች አላልንም። ጣቷ ስድስት ሆነ ብለንም ተነቃንቃለች አንልም። ጥላው የዜሊ ነው፤ በሉ ምሳ ሳይበርድ እንሂድ።»

ያን ጊዜ ማዳም ዜሊ ድመቲቱን አውርደው፥ በደነዘዘ እግራቸው እያነከሱ ከመስኮቱ ደርሰው፥ ከማለዳ ጀምሮ የታፈነውን ድምፅ ለቀቁት፦ «የዛሬ ጠዋት ነው!» ርግቦች ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተነሡ፤ ሰርዲኑም ከምሳ በፊት አለቀ።

ሌሎች ኃያላን ቆመው ድል ነሡ፥ እሳቸው ግን ተጋድመው። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን፤ ሞገስ ለማዳም ዜሊ ትዕግሥት፥ ረዥም ዕድሜም በሥዕሉ ላይ ብቻ ለምትኖረው ለስድስተኛዪቱ ጣት።